በዓይን ወይስ በስሌት? ፑል ላይ ማነጣጠሪያችሁን ለመምረጥ

ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከአንድ ፎቶ ቤት በላይ፣ ሦስት ጠረጴዛ ያላት ፑል ቤት አለች። ቅዳሜ ከሰዓት ከፈለጋችሁኝ እዚያ ነኝ። ከደንበኞቿ ሁለቱን ላስተዋውቃችሁ፤ ይህን እንድጽፍ ያደረጉኝ እነሱ ናቸው።

አንደኛው ጋሼ ናቸው። ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል። ወጣትነታቸውን የጨረሱት ከረንቡላ ላይ ነው። ማኪያቷቸውን የጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ያስቀምጣሉ (ባለቤቱ ስንቴ ተቆጥቷል፣ ማን ሰምቶት)፣ ጎንበስ ይላሉ፣ ይመታሉ። ኳሷ ገብታለች። "ጋሼ፣ እንዴት ነው የሚያነጣጥሩት?" ብዬ ጠይቄያቸው ነበር። "አያታለሁ፣ እመታታለሁ። ሌላ ምን አለው?" አሉኝ።

ሁለተኛው ኢንጂነር ነው። ስሙ አይደለም፤ አምስት ኪሎ ስለተማረ የወጣለት ቅጽል ነው። ኢንጂነር ሳይዞር አይመታም። ከቀዳዳው በኩል ሄዶ ያያል፣ አንድ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ዱላውን ከኳሷ በላይ አየር ላይ ይዞ መስመር ያወጣል፣ ተመልሶ እንደገና ያያል። ጋሼ ትዕግሥታቸው ሲያልቅ "አንተ ልጅ፣ ቀያሽ ነህ እንዴ? ካርታ ልታወጣላት ነው?" ይሉታል። ቤቱ በሳቅ ይሞላል። ኢንጂነር ግን ፍንክች አይልም።

ማን ያሸንፋል? ከአሥር ጨዋታ ስድስት ሰባቱን ጋሼ ይወስዳሉ። ጠረጴዛዋ አዲስ ጨርቅ ስትለብስ ወይም ሰብሰብ ብለን ካዛንቺስ ስንወርድ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ጋሼ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጨዋታዎች ይሸነፉና "ዛሬ ዓይኔ አልገባም" ይላሉ። ኢንጂነር እንደ ሁልጊዜው ነው።

እንግዲህ በሳምንት አንዴ ሁለቴ የሚጫወት፣ ተሸናፊ ከፋይ በሆነበት ቤት ኪሱንም የሚያስብ ሰው የማንን መንገድ ይያዝ? የእኔን መልስ ቀድሜ ልናገር። ቆማችሁ ስታዩ በስሌት፣ ጎንበስ ካላችሁ በኋላ በዓይን። ከየትኛው ትጀምራላችሁ የሚለው ግን እንደ ሰዉ ይለያያል።

ችግሩ ኳሷ ክብ መሆኗ ነው

ጀማሪ ሁሉ የሚሠራት አንድ ስህተት አለች። ቀዳዳውን ያያል፣ የምትገባዋን ኳስ ያያል፣ ከቀዳዳው በተቃራኒ ያለችውን ነጥብ ያገኛል። "እዚህ ጋ ነው መመታት ያለባት" ይላል። እስከዚህ ልክ ነው። ከዚያ የነጯን (በዱላ የምንመታትን ኳስ) መሃል ቀጥ አድርጎ ወደዚያች ነጥብ ይልካል። ኳሷ ከቀዳዳው ርቃ ጠርዙን ትመታለች።

ለምን? ነጯም ክብ ናት። ከጎን ስትመጣ በመሃሏ አትነካም፤ በትከሻዋ ነው የምትነካው። የፑል ኳስ ስፋት 57 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ ሁለቱ ኳሶች ሲነካኩ የነጯ መሃል ያለው ከመነካኪያው ነጥብ 28 ሚሊሜትር ተኩል ያህል ወደ ኋላ ነው። ማነጣጠር ያለባችሁ ወደዚያ ባዶ ቦታ ነው። እዚያ ደግሞ የሚታይ ነገር የለም።

በቁጥር ላሳያችሁ። ኳሷ ወደ ቀዳዳው ለመሄድ 30 ዲግሪ መታጠፍ አለባት እንበል። ሰዓት ላይ ከ12 እስከ 1 ያለው ስፋት ማለት ነው። የነጯን መሃል ወደ መነካኪያዋ ነጥብ ከላካችሁት ኳሷ የምትታጠፈው 14 ዲግሪ ተኩል ብቻ ነው። ቀዳዳው አንድ ሜትር ከራቀ፣ ኳሷ ከቀዳዳው መሃል 27 ሴንቲሜትር ገደማ ስታ ታልፋለች። ከስንዝር በላይ! "እኔ እኮ ቀጥ አድርጌ ነው የመታሁት" የሚለው ሰው እውነቱን ነው። ቀጥ አድርጎ የተሳሳተ ቦታ መትቷል።

ሁለቱም መንገዶች፣ የጋሼም የኢንጂነርም፣ ይህችን አንዲት ችግር ለመፍታት የመጡ ናቸው። ልዩነቱ አንዱ ባዶውን ቦታ በሐሳብ ይሞላዋል፣ ሌላው እስኪለምደው ድረስ ይስታል።

የስሌቱ ሰፈር

በጣም የታወቀው ስሌት ጎስት ቦል የሚባለው ነው። ከምትገባዋ ኳስ ጀርባ፣ በቀዳዳው መስመር ላይ፣ ሌላ ኳስ ተለጥፋ እንደተቀመጠች ታስባላችሁ። ከዚያ ነጯን በትክክል እዚያች ኳስ ቦታ ላይ እንድታርፍ አድርጋችሁ ትልካላችሁ። በቃ። ለመለማመድ ገንዘብ አይጠይቅም። እውነተኛ ኳስ አምጡና ከጀርባዋ ለጥፉ፣ ከነጯ በኩል ጎንበስ ብላችሁ እዩ፣ አንሱት፣ ምቱ። ይህን ሠላሳ አርባ ጊዜ ያደረገ ሰው ዓይኑ ሌላ ይሆናል። እኔ ካየኋቸው መንገዶች ሁሉ ለጀማሪ እንደዚህ ቶሎ ፍሬ የሚሰጥ የለም።

ድክመቱም ግልጽ ነው። የሌለች ኳስ ማየት ከባድ ነው፣ በተለይ ሩቅ ሲሆን። ለዚህ ነው ብዙዎች ወደ ሁለተኛው ስሌት የሚሄዱት፤ ኳሷን በክፍልፋይ ማየት። ነጯ ስትመጣ ምን ያህሉን ኳስ ትሸፍናለች? ሙሉውን ከሸፈነች ቀጥ ያለ ምት ነው። ሦስት ሩቡን ከሸፈነች 14 ዲግሪ ተኩል ትታጠፋለች። ግማሹን ከሸፈነች 30። ሩቡን ብቻ ከሸፈነች 48 ዲግሪ ተኩል ገደማ።

ከነዚህ ሁሉ የግማሿን ውደዱ። ምክንያቱም የነጯን መሃል የምታነጣጥሩት በቀጥታ ወደ ሌላዋ ኳስ ጠርዝ ነው። ጠርዝ ደግሞ ይታያል። መገመት አያስፈልግም። 30 ዲግሪን በዓይናችሁ መለየት ከቻላችሁ፣ ሌላውን ሁሉ "ከግማሿ ትንሽ ወፈር (ይበልጥ ሸፍኖ)፣ ትንሽ ቀጠን (ያነሰ ሸፍኖ)" እያላችሁ ትደርሱበታላችሁ። ኢንጂነር እንኳ ጉዳዩ ሲጠብቅበት ወደ ግማሿ ነው የሚሸሸው።

ልብ በሉ ግን። በ14 እና በ30 መካከል ብዙ ማዕዘን አለ። በ30 እና በ48 መካከል ደግሞ ከዚያም ይበልጣል። ያንን ክፍተት የሚሞላው ምንድን ነው? ያው ዓይን ነው። "እኔ በስሌት ብቻ ነው የምጫወተው" የሚል ሰው ራሱን እያሞኘ ነው።

ሦስተኛ ዓይነትም አለ። ሃል ሆል በተባለ አሜሪካዊ ስም የሚነሳው፣ ከነጯ መሃል ወደ ሌላዋ ጠርዝ መስመር አውጥቶ ዱላውን በትንሹ በማዞር የሚያነጣጥር ነው። ዩቲዩብ ላይ ሞልቷል። ኮሎራዶ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሜካኒካል ምህንድስና ያስተማሩት ዴቪድ አልቺያቶሬ እንዲህ ባሉ ስሌቶች ላይ ያላቸው ትችት ያሳምነኛል፤ ጥቂት መስመሮች ለሁሉም ማዕዘን አይበቁም፣ የቀረውን ተጫዋቹ ሳይታወቀው በስሜት ያስተካክለዋል። የሚምሉበት አሉ፣ አልከራከራቸውም። እኔ ሁለት ወር ሞክሬዋለሁ። አንድ ምሽት ጥቁሯ (ጨዋታው የሚዘጋባት 8 ቁጥር ኳስ) ቀዳዳው አፍ ላይ ቆማ፣ ሕፃን የሚያስገባት ኳስ፣ መስመር ሳወጣና ዱላ ሳዞር ሳትኳት። የተጋጠምኩት አሥራ ሁለተኛ ክፍል የነበረ ልጅ ነው። የጨዋታውንም፣ የልጁንም የጓደኞቹንም ሻይ ከፈልኩ። ከዚያ ወዲህ አልተመለስኩበትም።

የዓይኑ ሰፈር

በደመ ነፍስ የሚያነጣጥር ሰው ዝም ብሎ የሚገምት አይደለም። የታክሲ ሹፌር ሚኒባሱን በሁለት መኪና መካከል ሲያሾልክ ሜትር አያወጣም፤ ግን አይነካም። በሺህ የሚቆጠር ምት ጭንቅላቱ ውስጥ ተቀምጧል። አዲስ ምት ሲያይ የሚመስለውን ያወጣል።

የዚህ ሰፈር ትልቁ ስም ፊሊፒናዊው ኤፍረን ሬየስ ነው። ልጅ ሆኖ ማኒላ ውስጥ በአጎቱ ፑል ቤት አደገ። ቁመቱ ጠረጴዛው ላይ ስለማይደርስ የኮካ ሳጥን እየጎተተ እሱ ላይ ቆሞ ይጫወት ነበር። ማታ የሚተኛውም ጠረጴዛው ላይ ነበር። በ1999 እ.ኤ.አ. የናይን ቦል (በዘጠኝ ኳስ የሚጫወቱት የፑል ዓይነት) የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። "አስማተኛው" ይሉታል። አስማቱ ግን ከኮካ ሳጥኑ ጀምሮ የተቆጠረ ሰዓት ነው። እናንተ ቅዳሜ ከሰዓት ብቻ የምትጫወቱ ከሆነ ያንን ሰዓት ከየት ታመጣላችሁ?

ዓይን ከስሌት የሚበልጥባቸው ነገሮች አሉ፣ ትንሽም አይደሉም። አንደኛው ጭንቀት ነው። ጨዋታው ጥቁሯ ላይ ሲደርስ፣ ሰው ሁሉ ዝም ሲል፣ ደረጃ በደረጃ የሚያስብ ሰው አንዷን ደረጃ መርሳቱ አይቀርም። ዓይን የሚረሳው ደረጃ የለውም።

ሁለተኛው የኳስ መጎተት ነው፤ እዚህ ላይ ቆም ማለት አለብኝ።

ነጯ ሌላዋን ኳስ ከጎን ስትመታ ዝም ብላ አትገፋትም። ትንሽ ትፈትጋታለች። በዚያች ቅጽበት የተመታችው ኳስ ነጯ ወደምትሄድበት አቅጣጫ ትንሽ ትሳባለች። ስለዚህ ከታሰበው ያነሰ ትታጠፋለች። ቀስ ብላችሁ ስትመቱ ይበረታል፣ ኃይል ስትጨምሩ ይቀንሳል። ነጯ ሳትሽከረከር ተንሸራትታ ስትደርስ ደግሞ ይብሳል። የሚያስታችሁ መጠን ጥቂት ዲግሪ ነው። ሦስት ዲግሪ ብትሆን አንድ ሜትር ላይ አምስት ሴንቲሜትር ትሆናለች። በዓለም አቀፍ ደንብ የማዕዘን ቀዳዳ አፍ 11 ሴንቲሜትር ተኩል ያህል ነው፤ ኳሷ በመሃል ስትገባ በየጎኑ የሚቀራት ሦስት ሴንቲሜትር እንኳ አይሞላም። ስሌታችሁ ሳይዛነፍ ኳሷ ውጭ ቀረች ማለት ነው።

አሁን ወደ እኛ ጠረጴዛዎች እንምጣ። ኳሶቹን መጨረሻ ያጠባቸው ማን ነው? የቾክ ብናኝ፣ የቆሎ ጨው፣ የእጅ ላብ፣ ከመንገድ የሚገባ አቧራ ሁሉ ላያቸው ላይ ነው። የቆሸሸ ኳስ ይበልጥ ይፋተጋል፣ ይበልጥም ይጎትታል። ጎስት ቦል ይህን አያውቅም። ጋሼ ግን ስሙን ባያውቁትም እዚያች ጠረጴዛ ላይ ዓመታት ስላሳለፉ እጃቸው ያውቀዋል። ትንሽ ቀጠን አድርገው ይመታሉ። ለምን ብትሏቸው "እንደሱ ነው የምትገባው" ይላሉ። ኢንጂነር በስሌት የሚሸነፍባቸው ያ ነው። ጠረጴዛ ሲቀየር ጋሼ የሚሸነፉትም በዚሁ ነው፤ እጃቸው የለመደው የቤታቸውን ቆሻሻ ነው።

(ከጨዋታ በፊት ኳሶቹን በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ ጠርጉና አድርቁ። ባለቤቱ "ልትገዛቸው ነው?" ብሎ ይስቅባችኋል። ይሳቅ።)

የዓይን ትልቁ ድክመት ሲጠፋ መመለሻ የሌለው መሆኑ ነው። "ዛሬ ዓይኔ አልገባም" ያለ ሰው ምኑን ያስተካክል? ስሌት ያለው ሰው ቢያንስ ጎስት ቦሏን አስቀምጦ ማየት ይችላል።

ጋሼን በስልክ

ባለፈው ፆም ውስጥ ነው። ሁለቱንም ሳይነግራቸው በስልኬ ቀረጽኩና በዝግታ አየሁት። ኢንጂነር ያው እንደሚታወቀው ነው። የጋሼ ግን ገረመኝ። ማኪያቶውን ሲያስቀምጡ ዓይናቸው ስኒው ላይ አይደለም። ቀዳዳውን ያያሉ፣ ከዚያ ኳሷን፣ ከዚያ ነጯን። ሲዞሩ ቀኝ እግራቸው ሁልጊዜ በምቱ መስመር ላይ ነው የሚያርፈው። በአሥራ አንድ ምት አሥራ አንዴ። ጎንበስ ሲሉ ዱላው ልክ ቦታው ላይ ተገኝቷል፤ ከዚያ ወዲያ አያስተካክሉም። ዓይናቸው የምትገባዋ ኳስ ላይ ይተከላል፣ እስኪመቱ አይነቀልም።

ያ ማየት የራሱ ስም አለው። ካናዳ ውስጥ ካልጋሪ ዩኒቨርሲቲ የሠሩት ጆአን ቪከርስ የተባሉ ተመራማሪ "ጸጥ ያለ ዓይን" ብለውታል፤ እጅ ከመንቀሳቀሱ በፊት ዓይን አንድ ቦታ ላይ የሚያርፍበት የመጨረሻ ቆይታ ነው። በ2002 እ.ኤ.አ. በቢሊያርድ ተጫዋቾች ላይ የታተመ ጥናት ጎበዞቹ ዓይናቸውን ከጀማሪዎቹ ረዘም አድርገው እንደሚያሳርፉ አሳይቷል።

ቪዲዮውን ለጋሼ አሳየኋቸው። "ይኸው ጋሼ፣ እርስዎም ይቀይሳሉ" አልኳቸው። ለረጅም ጊዜ አዩት። "ጫማዬ ማለቁን አላየሁም ነበር" አሉ።

ታዲያ እናንተስ?

መጀመሪያ አንድ ነገር አጣሩ። ኳሷን፣ ነጯንና ቀዳዳውን በአንድ ቀጥ ያለ መስመር ላይ አድርጉ፣ በመካከላቸው ሁለት ሁለት ስንዝር ተዉ፣ አሥር ጊዜ ምቱ። ማነጣጠር የሚጠይቅ ምንም ነገር የለውም። ሦስት አራቱን ከሳታችሁ ችግራችሁ ዓይንም ስሌትም አይደለም፤ እጃችሁ ነው። ዱላው ቀጥ ብሎ አይሄድም። የትኛውንም ዘዴ ብትመርጡ ድካማችሁ ከንቱ ነው። ግማሽ ኳስ በሚመታ ማዕዘን፣ መነካኪያው ላይ አንድ ሚሊሜትር ብትዛነፉ አንድ ሜትር ላይ ሁለት ሴንቲሜትር ትሆናለች። ሩብ ኳስ ከሆነ ሁለት ተኩል ታልፋለች። ከእጅ በፊት ሌላ ነገር ማስተካከል አይቻልም።

እጃችሁ ደህና ከሆነ ቀጥሉ። ጀማሪ ከሆናችሁ፣ ወይም የምትጫወቱት በሳምንት አንዴ ከሆነ፣ ጎስት ቦል። ሳታወላውሉ። ሰዓት ስለሌላችሁ ሰዓት የሚቆጥብላችሁን ያዙ። ግማሽ ኳስን በላዩ ጨምሩበትና ለስድስት ወር ሌላ ነገር አትንኩ። ነጯን በጎኗ መትቶ ማሽከርከርንም ተዉት። ከጎን የተመታች ነጭ ከዱላው ስትነሳ ወደ ተቃራኒው ጎን ትንሽ ትሸሻለች፤ ስሌቱ ሁሉ የተሠራው መሃሏን እንደምትመቱ ታስቦ ነው።

በየቀኑ የምትጫወቱ፣ የቤታችሁን ጠረጴዛ እንደ መዳፋችሁ የምታውቁ ከሆነ ዓይናችሁን አትንኩት። በደንብ የሚሠራን ነገር በስሌት መፈታታት ያበላሻል። ለክፉ ቀን ግን አንዲት ስሌት ኪሳችሁ ውስጥ ትኑር፤ ለእኔ ግማሽ ኳስ ናት።

ከጠርዝ አስነጥሮ ማስገባት ላይ ፍርዴ ይለያል። እዚያ ስሌት ይሻላል። ጠርዙ ላይ ያሉት ምልክቶች ረጅሙን ጎን 8፣ አጭሩን 4 እኩል ቦታ ይከፍሉታል፤ ዓይን ከመስታወት ጀርባ እንደማየት ያለውን ነገር በራሱ አይለምድም፣ ቁጥር ግን ይወስዳችኋል። የጠርዙ ጎማ የሞተበት ጠረጴዛ ላይ ሁለቱም አይሠሩም።

መሃል ላይ ላላችሁ፣ ሁለት ሦስት ዓመት ተጫውታችሁ ላልተሻሻላችሁ፣ ይህን ፈተና ሞክሩ። ኳሷን ግማሽ ኳስ በሚያስፈልጋት ማዕዘን አስቀምጡ። ቦታዎቹን በእርሳስ ሳይሆን በትንሽ ወረቀት ምልክት አድርጉ፣ ጨርቁ የሰው ነው። ሃያ ጊዜ ምቱ። በሳታችሁ ቁጥር ኳሷ ከቀዳዳው በየት በኩል እንዳለፈች ጻፉ፤ ወፍራም መትታችሁ ነው ወይስ ቀጭን? ሁልጊዜ በአንድ በኩል ከሆነ የምታዩበት ቦታ ተሳስቷል፣ ስሌት ያድናችኋል። ምናልባትም ጭንቅላታችሁ ከዱላው መስመር ወጥቶ ይሆናል፤ አገጫችሁን ወደሚጠነክረው ዓይናችሁ ትንሽ ጠጋ አድርጋችሁ ድገሙት። አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ ከሆነ ስሌቱን ተዉትና ወደ ቀጥታዎቹ አሥር ኳሶች ተመለሱ።

ለዚህ ቅዳሜ አይሆንም። ማክሰኞ ጠዋት ሂዱ። ጠረጴዛው ባዶ ነው፣ ጋሼም የሉም።